ሣሩን በእንቁጣጣሽ አብሉት፦ በዲሲ አካባቢ የግቢ ሣር ማዳበሪያ ከወር እስከ ወር

ማርች ላይ ፀሐይ ትንሽ ሞቅ ማለት ስትጀምር ሆም ዲፖና ሎውስ በር ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ተቆልሎ ታያላችሁ። ጎረቤቱ ሁሉ አንድ አንድ ጭኖ ይሄዳል። አዲስ ቤት የገዛ ሰውም ይህን አይቶ እሱም ይጭናል። ችግሩ ምንድን ነው፣ በሜሪላንድ፣ በሰሜን ቨርጂኒያና በዲሲ ግቢዎች ላይ ያለው አብዛኛው ሣር ዋና ምግቡን የሚፈልገው ማርች ላይ አይደለም። ሴፕቴምበር ላይ ነው። እኛ ዘመን ስንለውጥ፣ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ማለት ነው። ሱቁ በስፕሪንግ የሚደረድረው ሰው በስፕሪንግ ስለሚገዛ ነው እንጂ ሣሩ ስለራበው አይደለም።

ከዚህ በታች ያለው ዓመቱን ሙሉ ምን መደረግ እንዳለበት፣ ከዚያም በላይ ምን መደረግ እንደሌለበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፌርፋክስ ወይም ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ለምትኖሩ እንዳለ ይሠራል። ሌላ ከተማ ያላችሁ መጨረሻ አካባቢ ያለውን ሳታዩ አትጀምሩ፤ ወሩ ይለያያል።

መጀመሪያ፦ ሣራችሁ የትኛው ነው?

ሣር ሁሉ አንድ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር የሚወድ አለ፣ ሙቀት የሚወድ አለ። መለያው ቀላል ነው። ጃንዋሪ ላይ በመስኮት ተመልከቱ። ሁሉም ነገር ደርቆ ሣራችሁ አሁንም አረንጓዴ ነገር ከሆነ፣ ወይም ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ካልሞተ፣ ቀዝቃዛ አየር ወዳዱ ነው። እንደ ገለባ ቢጫ ሆኖ ሜይ አካባቢ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ዞይዢያ ወይም ቤርሙዳ ነው፤ የእነሱ የመመገቢያ ጊዜ በጋው (ሰመር) ላይ ስለሆነ ይህ መመሪያ ለእነሱ አይሆንም፣ እንዲያውም ተቃራኒ ነው።

እኛ አካባቢ በብዛት የምታገኙት ቶል ፌስኩ የሚባለውን ነው። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ሻከር የሚል፣ በቁጥቋጦ በቁጥቋጦ የሚበቅል ነው። አንዳንድ ቦታ ኬንተኪ ብሉግራስ ይቀላቀልበታል፤ ይሄኛው ቅጠሉ ቀጭን ነው፣ ከመሬት በታች ሥር እየላከ ባዶ ቦታን ራሱ ይሞላል። ቶል ፌስኩ እንደዚያ ስለማይስፋፋ የተላጠ ቦታ ካለ ዘር ካልጨመራችሁለት ተልጦ ይቀራል። ከዛፍ ሥር ጥላ ውስጥ ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሣር ደግሞ ፋይን ፌስኩ ነው። እሱ ትንሽ በልቶ ያድራል። ብዙ ብትሰጡት ይታመማል።

እነዚህ ሣሮች ቅጠላቸው ደህና የሚያድገው አየሩ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ነው። ሥራቸው ደግሞ ከዚያም ቀዝቀዝ ያለ አፈር ይወዳል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይነቃሉ፣ ስፕሪንግና ፎል ላይ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ከስፕሪንግ በኋላ የጁላይ እሳት አለ። ከፎል በኋላ ግን ሣሩ ቀስ እያለ ቅጠል ማብዛቱን ይቀንስና ሥር ያበዛል፣ ምግብም ያስቀምጣል። ፎል ላይ የሰጣችሁት ማዳበሪያ ወደ ጎተራ ይገባል፤ ማርች ላይ የሰጣችሁት ግን ወደ ቅጠል ብቻ ነው የሚሄደው፣ እናንተም በሳምንት ሁለቴ ስታጭዱ ትከርማላችሁ፣ ሥሩ ሳይጠልቅ በጋው ይደርስበታል።

ግቢውን ለኩ፣ ከረጢቱን አንብቡ

ይህን ክፍል ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጉዳይ ያለው እዚህ ነው እላለሁ።

ማዳበሪያ በከረጢት አይቆጠርም። የሚቆጠረው በውስጡ ባለው ናይትሮጅን ነው። ከረጢቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፣ ለምሳሌ 32-0-4። የመጀመሪያው ናይትሮጅን፣ ሁለተኛው ፎስፈረስ፣ ሦስተኛው ፖታሺየም፣ በመቶኛ። ገበሬ ቤተሰብ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። አገር ቤት ዳፕ ሲባል የነበረው 18-46-0 ነው፣ ዩሪያ 46-0-0። ዳፕ መካከለኛው ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ እዚህ የግቢ ሣር ላይ ደግሞ መካከለኛው ቁጥር ዜሮ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እናያለን።

ከዚያ ስፋቱን ለኩ። ሜትር ወይም የእርምጃ ግምት ይበቃል። ሣሩን ብቻ ነው የምትለኩት፤ ቤቱን፣ መኪና ማቆሚያውን፣ የእግር መንገዱን፣ የአበባ ቦታውን አትጨምሩ። የፊት ለፊቱን ለብቻ፣ የጓሮውን ለብቻ አድርጋችሁ ርዝመት በወርድ አባዙ። 40 ፊት በ50 ፊት ከሆነ 2,000 ስኩዌር ፊት ነው። የታውንሃውስ ግቢ ብዙ ጊዜ 1,000 እንኳን አይሞላም። 15,000 ስኩዌር ፊት የሚሸፍነውን ከረጢት ስለረከሰ ብቻ አትግዙ። ተርፎ የሚቀር ከረጢት "አይባክን" ተብሎ እዚያው ሣር ላይ መጨመሩ አይቀርም፣ ቃጠሎውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ሒሳቡ። በሜሪላንድ ሕግ በአንድ ጊዜ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከ0.9 ፓውንድ በላይ ናይትሮጅን መስጠት አይቻልም። ከዚያም ውስጥ ቶሎ የሚሟሟው ከ0.7 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ቨርጂኒያ ብትኖሩም በዚሁ ልክ ብትሄዱ ሣሩ ይረካል። 0.9ን ለመጀመሪያው ቁጥር ታካፍላላችሁ። ከረጢቱ 32 ካለ 0.9 ሲካፈል ለ0.32፣ 2.8 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። 24 ካለ 3.75 ፓውንድ። ይህ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ነው። ግቢያችሁ 2,000 ከሆነና 32ቱን ከገዛችሁ 5.6 ፓውንድ ብቻ ትመዝናላችሁ። አዎ፣ ያን ያህል ትንሽ ነው። የወጥ ቤት ወይም የሻንጣ ሚዛን ያግዛችኋል።

ከረጢቱ ጀርባ ላይ በጥቃቅን ጽሑፍ የተጻፈውንም እዩት። ከናይትሮጅኑ ምን ያህሉ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ እንደሆነ ይናገራል፤ "ስሎው ሪሊስ" ወይም "ስሎውሊ አቬይለብል" የሚል ነገር ፈልጉ። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ሲበዛ ይሻላል። ሣሩን አያቃጥልም፣ ዝናብም ቶሎ አጥቦ አይወስደውም። እርሻ ላይ የሚበተነው ንጹሕ ዩሪያ ሁሉም ፈጣን ስለሆነ ለግቢ ሣር አልመክርም፣ ዋጋው ምንም ቢያጓጓ።

አፈሩን አስመርምሩ

በየሦስት ዓመቱ አንዴ ይበቃል። ጥሩ ጊዜው ኦገስት ነው፣ ውጤቱ ለሴፕቴምበር እንዲደርስ። ከሣሩ አሥር አሥራ አምስት ቦታ እስከ 4 ኢንች ጥልቀት ትንሽ ትንሽ አፈር ቆፍራችሁ አውጡ። በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉት። ሥርና ድንጋዩን አስወጡ፣ አድርቁት፣ ላኩት። ቨርጂኒያ ያላችሁ የካውንቲያችሁ ኤክስቴንሽን ቢሮ ሄዳችሁ ሣጥንና ፎርም ትወስዳላችሁ፤ ምርመራውን ቨርጂኒያ ቴክ ይሠራዋል። ሜሪላንድ ያላችሁ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ድረ ገጽ ላይ የሚመከሩ ላብራቶሪዎች ዝርዝር አለ።

ውጤቱ ላይ ቀድማችሁ የምታዩት ፒኤች የሚለውን ነው። ከ6 በታች ከሆነ አፈሩ ኮምጣጣ ነው፣ የምትሰጡትን ማዳበሪያ ሣሩ በደንብ አይጠቀምበትም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፣ አገር ቤት ደጋው ላይ ለገብስና ለስንዴ መሬት እንደሚደረገው። መጠኑን የላብራቶሪው ወረቀት ይነግራችኋል። ብዙ ከተባለ ለ1,000 ስኩዌር ፊት በአንድ ጊዜ ከ50 ፓውንድ አትለፉ፤ ቀሪውን ከስድስት ወር በኋላ ጨምሩ። ሳያስመረምሩ በየዓመቱ ኖራ መበተን ግን የጎረቤት ወሬ ነው። ፒኤቹ ደህና ከነበረ ልታበላሹት ትችላላችሁ።

እዚህ አካባቢ አዲስ ሠፈር የገዛችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤት ሲሠራ የላይኛው ጥሩ አፈር ተገፎ የሚቀረው ቀይ ሸክላ ነው፣ በማሽን የተደመደመ። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ማዳበሪያ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ሴፕቴምበር ላይ ኤሬተር ተከራይታችሁ ብሱት፤ ትንንሽ የአፈር ቡሽ እያወጣ የሚጥለውን ዓይነት፣ በሹል ነገር ብቻ የሚወጋውን አይደለም። ከላዩ ላይ ሩብ ኢንች ያህል የበሰለ ኮምፖስት ብትበትኑበት ያ ሥራ ከሁለት ከረጢት ማዳበሪያ ይበልጣል።

ሴፕቴምበር፦ ዋናው ቀን

ከሴፕቴምበር መጀመሪያ አንስቶ፣ የሌሊቱ ሙቀት ሲበርድ፣ የመጀመሪያውን ሙሉ ምግብ ስጡ። 0.9 ፓውንድ ናይትሮጅን ለ1,000 ስኩዌር ፊት። በዓሉ ካለፈ በኋላ ያለው ቅዳሜ ጥሩ ነው፣ ዶሮ ወጡን ለማዋሃድም ይረዳል።

የተላጠ ቦታ ካለ ዘሩም አሁን ነው የሚዘራው፣ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ባለው ጊዜ። ያለውን ሣር ለማጠናከር ከሆነ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከ3 እስከ 4 ፓውንድ የቶል ፌስኩ ዘር፣ ጭራሽ ባዶ መሬት ከሆነ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ። ፎስፈረስ ያለበት "ስታርተር" የሚባለው ማዳበሪያ የሚፈቀድላችሁም በዚህ ጊዜ ነው። አዲስ ሣር ስትዘሩ፣ ወይም የአፈር ምርመራው ይጎድላል ሲል። ከዚያ ውጪ ሜሪላንድ ውስጥ ፎስፈረስ መበተን ክልክል ነው። ቨርጂኒያም እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ለተለመደ የሣር እንክብካቤ የሚሆን ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ እንዳይሸጥ ከልክላለች።

ምክንያቱ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ነው። ከግቢያችን የታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በጎዳና ቦይ አድርጎ፣ በየወንዙ በኩል፣ ወደዚያ ይደርሳል። እዚያ የሚያበቅለው አልጌን ነው። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣና ሸርጣን መተንፈሻ ያጣሉ። ሜሪላንድ የማዳበሪያ አጠቃቀም ሕጓን በ2011 አውጥታ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ለዚህ ነው። ሕጉ ለድርጅት ብቻ አይደለም፣ ጋሪ የሚገፋውን የቤት ባለቤትም ይመለከታል።

አበታተኑን በዝርዝር ልናገር፣ ምክንያቱም ሣር ላይ እንደ ሜዳ አህያ ቢጫና አረንጓዴ መስመር የሚሠራው የማዳበሪያው ጥራት ሳይሆን የእጃችን አካሄድ ነው።

በእጅ አትበትኑ። ትንሽ ግቢ እንኳን ቢሆን በእጅ የሚሽከረከር ትንሽ መበተኛ ይሸጣል። ሰፋ ላለ ግቢ ባለ ጎማ መበተኛ ጋሪ ያዙ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀጥ አድርጎ ከሥሩ ያፈሳል፤ ለጠባብና ለአጥር ዳር ቦታ እሱ ይመቻል። ሌላው እያሽከረከረ ወደ ግራና ቀኝ ይረጫል፣ ፈጣን ነው፣ ግን የእግር መንገዱም ላይ ይረጫል።

የመዘናችሁትን ማዳበሪያ ለሁለት ክፈሉት። ጋሪውን ሣር ላይ ቆማችሁ አትሙሉ። የመኪና ማቆሚያው ላይ ሙሉት፣ ቢፈስ ጠርጋችሁ ታነሱታላችሁ፤ ሣር ላይ የተደፋ እፍኝ ማዳበሪያ ግን እስከ ቀጣዩ ስፕሪንግ የሚታይ የተቃጠለ ክብ ይተዋል። ጋሪው ላይ ያለውን ቁጥር ከረጢቱ ካለው ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ሳይበቃ ቢቀር መመለስ ይቻላል፣ ከበዛ ግን የሚለቀም ነገር አይደለም። መጀመሪያ ዳር ዳሩን አንድ ዙር ዙሩ። ከዚያ ግማሹን በአንድ አቅጣጫ፣ ሌላውን ግማሽ የመጀመሪያውን በሚያቋርጥ አቅጣጫ። መሄድ ጀምራችሁ ክፈቱት፣ ከመቆማችሁ በፊት ዝጉት። ስትዞሩም ዝጉት። ስልክ ሲደወል አስቀድማችሁ ዝጉት።

የሣሩ ቅጠል ደረቅ ይሁን። ስትጨርሱ የእግር መንገዱን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ ጎዳናውን ጠርጋችሁ ወደ ሣሩ መልሱት። ይህንን ሕጉም ያዛል። ከዚያ ሩብ ኢንች ያህል ውኃ አጠጡት። ባዶ የቱና ቆርቆሮ ሣሩ መሐል ብታስቀምጡ ምን ያህል እንደገባ ታያላችሁ። ልጆችና ውሻ ውኃው ገብቶ ሣሩ እስኪደርቅ እዚያ ባይጫወቱ ጥሩ ነው። ከባድ ዝናብ ይመጣል ከተባለ ደግሞ ያን ቀን ተዉት፤ ገንዘባችሁ በቦይ ነው የሚሄደው። ግቢያችሁ ጅረት ወይም ኩሬ ዳር ከሆነ ሜሪላንድ ውስጥ ከውኃው 15 ፊት ራቁ። ቀጥ አድርጎ የሚያፈሰውን ጋሪ ወይም በአንድ ጎኑ መከለያ ያለውን ከተጠቀማችሁ 10 ፊት ይበቃል።

ቡና ስታፈሉ ሣር የምትጎዘጉዙ ሰዎች አንድ ቃል ልጨምር። ማዳበሪያ ወይም የአረም መድኃኒት ከተበተነበት ግቢ አጭዳችሁ ቤት ውስጥ አትጎዝጉዙ። ልጅ መሬት ላይ ይድሃል፣ ፈንዲሻም ይወድቅበታል። ለጉዝጓዝ የምትፈልጉትን አንድ ጥግ ለይታችሁ ምንም ሳታስነኩ ተዉት።

ኦክቶበር እስከ ኖቬምበር አጋማሽ፦ ሁለተኛው

ከመጀመሪያው ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይታችሁ ያንኑ መጠን ድገሙት። በኦክቶበር መጨረሻ ወይም በኖቬምበር የመጀመሪያ ሳምንት ይውላል። አትዘግዩ። ሜሪላንድ ውስጥ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ባለው ጊዜ የቤት ባለቤት ማዳበሪያ መበተን አይችልም። በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 6 ገደማ እስከ የካቲት 22 ማለት ነው። በዚያ ብርድ ሣሩ አይበላም፣ መሬቱም ሲቀዘቅዝ የበተናችሁት እላዩ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ይጠብቃል።

ግቢው ዕድሜ ያለውና አፈሩ ደህና ከሆነ፣ የታጨደውንም ከሣሩ ላይ የማታነሱ ከሆነ፣ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ማድረግ ትችላላችሁ። የታጨደው ሣር ራሱ ማዳበሪያ ነው። እዚያው ከተዋችሁት ሣሩ በዓመት ከሚፈልገው ናይትሮጅን እስከ ሩብ የሚደርሰውን ይመልሳል። በጥቁር ከረጢት አስራችሁ የቆሻሻ መኪና የምታስጭኑት ሣር ራሳችሁ የገዛችሁት ማዳበሪያ ነው እንግዲህ። የዛፍ ቅጠሉንም ሁሉንም መጥረግ የለባችሁም። በማጨጃው ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ከሄዳችሁበት ደቅቆ ወደ አፈሩ ይገባል። ሣሩን እስኪሸፍነው አይጠራቀም እንጂ።

ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ

ምንም አትስጡ። በረዶ ሲጥል ማዳበሪያን ለበረዶ ማቅለጫ መጠቀምም ሜሪላንድ ውስጥ ክልክል ነው፣ ዩሪያ ያቀልጣል ሲባል ብትሰሙም። የእግር መንገዱ ዳር ጨው የበዛበት ሣር ስፕሪንግ ላይ ቢሞት ማዳበሪያ ጎድሎት አይደለም፤ በውኃ አጥባችሁ ዘር ጨምሩበት።

ማርችና ኤፕሪል፦ እጅን መሰብሰብ

ፎል ላይ በደንብ የበላ ሣር አሁን ራሱ ይነሳል። አጭዱት፣ ማዳበሪያውን ግን ተዉት። ፎሉን ሙሉ በሙሉ ካለፋችሁት፣ ወይም ቤቱን ገና አሁን ከገዛችሁትና ሣሩ ነጣ ብሎ ከቀረ፣ ኤፕሪል ላይ ግማሽ መጠን፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት፣ ብትሰጡት አይከፋም። ከዚያ አትለፉ።

በዚህ ወቅት ሱቅ ውስጥ የሚያሳስታችሁ ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት አንድ ላይ የተቀላቀለበት ከረጢት ነው። አንዱ ክራብግራስ የሚባለው አረም እንዳይበቅል የሚከለክለው ነው። እሱ የሚሰጠው አፈሩ 55 ዲግሪ ሲደርስ፣ ፎርሲቲያ የምትባለው ቢጫ አበባ ስትፈነዳና ስትረግፍ ባለው ጊዜ ነው። የክራብግራሱን ዘር እንደሚከለክል ሁሉ የእናንተንም የሣር ዘር ይከለክላል፣ ስለዚህ ዘር የምትዘሩበት ስፕሪንግ ላይ አይሆንም። ሁለተኛው ዳንደላየንና ክሎቨር የሚባሉትን አረሞች የሚገድለው ነው።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለምትኖሩ ግን፣ ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ያላችሁ፣ ካውንቲው አብዛኛውን በፋብሪካ የተቀመመ የአረም መድኃኒት የግል ግቢ ሣር ላይ እንዳይረጭ ከልክሏል። ሱቅ ውስጥ ግን መሸጡ አልተከለከለም። መደርደሪያ ላይ ስላያችሁት ግቢያችሁ ላይ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። በምትኩ የሚፈቀደው የበቆሎ ግሉተን ራሱ አሥር በመቶ አካባቢ ናይትሮጅን አለው። እሱን ከተጠቀማችሁ ከዓመቱ ሒሳብ ላይ ቀንሱት።

ክሎቨር፣ አገር ቤት ማገጥ የምንለው፣ ለእኔ አረም አይደለም። ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል። ጎረቤታችሁና ኤችኦኤው (የሠፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካላጉረመረሙ ተዉት።

ሜይ መጨረሻ

ይህኛው እንደ ፍላጎት ነው። ሣሩ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ እለፉት። ነጣ ካለና እድገቱ ከዘገየ፣ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን መጀመሪያ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ማዳበሪያ ግማሽ ወይም ሙሉ መጠን ስጡት። ለቶል ፌስኩ በዓመት በጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ናይትሮጅን ለ1,000 ስኩዌር ፊት አካባቢ ይበቃዋል። ፎል ላይ ሁለቱን ከሰጣችሁ 1.8 ደርሳችኋል። ለጥላው ሥር ፋይን ፌስኩ ደግሞ በዓመት አንድ ፓውንድ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም።

ሣሩ መሐል ጥቁር አረንጓዴ ክቦች፣ መሐላቸው የተቃጠለ፣ ካያችሁ የውሻ ሽንት ነው። እሱም ናይትሮጅን ነው፣ የተከማቸ። ዙሪያው ከቀረው ግቢ በልጦ ከለመለመ፣ የቀረው ግቢ ርቦታል ማለት ነው።

ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት

አትስጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል፣ ሣሩ ቡናማ ሲሆን ያያልና። በሙቀትና በድርቅ ቡናማ የሆነ ሣር በአብዛኛው ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ሥሩ ላይ ያለው አንገቱ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ ግማሽ ኢንች ውኃ ብትሰጡት ሕይወቱን ያቆየዋል። ማዳበሪያ ብትሰጡት ግን ያነቃውና ያቃጥለዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። የዲሲ በጋ እርጥብ ነው፣ ሌሊቱም አይበርድም። ብራውን ፓች የሚባለው የፈንገስ በሽታ ቶል ፌስኩን የሚይዘው በዚህ ጊዜ ነው፣ ሌሊቱ ከ68 ዲግሪ ሳይወርድና ቅጠሉ እንደረጠበ ሲያድር። ናይትሮጅን የጠገበ ለስላሳ ቅጠል ደግሞ ዋና ምግቡ ነው። ክብ ክብ ቡናማ ቦታ አይታችሁ "ምግብ ጎድሎታል" ብላችሁ ብትጨምሩ በሽታውን ነው የምትመግቡት። ውኃ ካጠጣችሁ ማለዳ አጠጡ። ማታ አታጠጡ።

ማጨጃውንም ከፍ አድርጉት፣ ከ3 እስከ 4 ኢንች። "አንዴ አሳጥሬው ሁለት ሳምንት ልረፍ" የሚለው ሐሳብ በጁላይ ሣር ይገድላል፣ ለአረሙም ፀሐይ ይከፍትለታል።

ለሠራተኛ ከሰጣችሁት

ብዙዎቻችን በሳምንት ስድስት ቀን እየሠራን ጋሪ መግፋት አንችልም፣ አያስነውርም። ሜሪላንድ ውስጥ ማዳበሪያ በክፍያ የሚበትን ባለሙያ የስቴቱ የምስክር ወረቀት ያለው፣ ወይም ያለው ሰው የሚቆጣጠረው መሆን አለበት። ጠይቁ። በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጡ ሳይሆን በዓመት በጠቅላላው ስንት ፓውንድ ናይትሮጅን ለ1,000 ስኩዌር ፊት እንደሚሰጡና ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ፎል ላይ እንደሆነ ጠይቁ። መመለስ ካልቻሉ ሌላ ፈልጉ። ጁላይ ላይ ናይትሮጅን ሊሰጡ ከመጡም ለምን እንደሆነ ይንገሯችሁ።

ሌላ ከተማ ያላችሁ

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብርዱ ቀድሞ ስለሚገባ ሁሉም ነገር ቀደም ይላል። ዋናው ምግብ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ነው፣ ኖቬምበርን አትጠብቁ። ፎስፈረስም ሚኒሶታ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ በመላው ስቴት የተገደበ ነው። ሲያትል በጋው ደረቅ ነው፣ ውኃ ካላጠጣችሁ ሣሩ ይተኛል፣ የፎል ዝናብ ሲጀምር ነው የምታበሉት። ዋሽንግተን ስቴትም ከ2013 ጀምሮ ፎስፈረስን ገድቧል። ዴንቨርና አውሮራ ኬንተኪ ብሉግራስ ይበዛል፣ አፈሩ ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ አይደለም፣ ስለዚህ ኖራ የሚለውን ዝለሉት። አትላንታ ሁለቱም ዓይነት ሣር አለ፤ የጃንዋሪውን መስኮት ፈተና ሳታደርጉ ከረጢት አትክፈቱ። ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ በአብዛኛው ቤርሙዳና ሴንት ኦገስቲን ነው ያላችሁ፣ የእናንተ ሥራ በጋው ላይ ነው።

የተረፈውን ከረጢት በደንብ አስራችሁ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እርጥበት ካልገባው ለሚቀጥለው ሴፕቴምበር ይሆናል። ከረጢቱ ላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮችና ለግቢያችሁ የመዘናችሁትን ፓውንድ በወፍራም እስክሪብቶ ባልዲው ላይ ጻፉበት፣ ሒሳቡን እንደገና እንዳትሠሩት።